ሚዛኑ ወደ ደንበኛ ሲዞር

ሴትየዋ አንዷን ጉትቻ መልሳ ስታነሳ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው ሲያወራው ሌላ መልክ ይይዛልና። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። እኔ ፒያሳ፣ አቶ ወርቅአፈራሁ ወርቅ ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ተንበርክኬ የመስታወቱን በር ማጠፊያ እቀይራለሁ። ሚዛን እንዳልነካ ከተከለከልኩ ወዲህ የሚሰጠኝ ሥራ ይኼው ነው፤ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ የአምፖል መያዣ።

ስሜ እምሩ ይባላል። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማርኩት ከሚዛን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠግኛለሁ፤ ባለ ሁለት ሳህኑን፣ ባለ መርፌውን፣ በኋላም በባትሪ የሚሠራውን። በዚህ መስመር ወርቅ የሸጠም የገዛም ሰው እኔ ባስተካከልኩት ሚዛን ነው የተማመነው። ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም። ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ሄዷል፣ የቀሩትም ወርቅ ቤቶች ስሜን የሚያነሱት በራቸው ሲንጋደድባቸው ነው። መቀመጫዬ ከአቶ ወርቅአፈራሁ ሱቅ ጎን፣ ወደ ፎቁ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር የሚረግፍ አቧራ።

አሮጌ ወርቅ ሊሸጥ የሚመጣ ሰው፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ጠባዩ አንድ ነው። ወርቁ ሚዛን ላይ ገና ሲቀመጥ «እስቲ ወደ እኔ አዙሩት» ይላል። ማንበብ ይችል አይችል ሌላ ጉዳይ ነው፤ መነጽሩን ቤት የረሳም ያስዞራል፣ ፊደል ያልቆጠረም ያስዞራል። የሚዛኑ ፊት ወደ እሱ ካልዞረ ተበላሁ ብሎ ነው የሚወጣው። ከዞረለት በኋላ ደግሞ ሆዱ ይባባና አንዷን መልሶ ያነሳል። «ይቺ የእናቴ ናት፣ ትቅር።» «ይቺን እንኳ ለልጄ ላቆያት።» ሳያነሳ ሁሉንም ሸጦ የሄደ ሰው ካየሁ በጣት የሚቆጠር ነው።

አምና አቶ ወርቅአፈራሁ አዲስ ሚዛን አስመጡ። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ነው። የተመዘነው ቁጥር ሻጯ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ አንድ ቁልፍ ስትጫን ወረቀቱ ታትሞ ይመጣል። ሚዛኑ የራሱ ባትሪና የራሱ ትንሽ የቁጥር መስኮት ቢኖረውም ሻጯ የምታየው ስክሪኑን ነው። ሚዛኑንና ኮምፒውተሩን የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ የጻፈው የአቶ ወርቅአፈራሁ የእህት ልጅ ዘርዓብሩክ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ግን ሲያናግሩት ስልኩን ነው የሚያየው።

ሚዛኑን የገጠመ ቀን ከኋላው ያለውን መሰኪያ አየሁትና «ይሄ አይሆንም» አልኩ።

«ምኑ ነው የማይሆነው ፋዘር?» አለ ዘርዓብሩክ። ፋዘር ነው የሚለኝ። እንደ አባት አይደለም፤ ታክሲ ተራ ላይ ለማያውቁት ሽማግሌ እንደሚባለው።

«መሰኪያው ላላ ነው። እዚህ ቤት ሚዛን ይዞራል። በዞረ ቁጥር ገመዱ ይሳባል።»

«ለምን ይዞራል? ስክሪን አለ እኮ።»

«ደንበኛ ያስዞረዋላ።»

«እሱን ሰዉ ይለምደዋል። ሲስተም ነው ፋዘር፣ ሲስተም።»

«ሰዉ አይለምደውም። ገመዱ የተነቀለ ጊዜ ምን ያደርጋል ያንተ ሲስተም?»

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ከፍቶ ነበር። አቶ ወርቅአፈራሁ ናቸው ከወንበራቸው ሆነው የቀደሙት። «እምሩ፣ አንተ ማጠፊያህን ያዝ። ይሄን የተማሩ ይሥሩበት» አሉ። ሁለት ደንበኞች ቆመዋል። ሻጯ ፍዮሪም ባንኮኒው ጀርባ ናት፤ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ ዓመት ሙሉ ይዣት ከርሜያለሁ።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ሴትየዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ይባላሉ፤ ፍዮሪ መታወቂያቸውን ተቀብላ ስታነብ ሰምቻለሁ። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥተው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው የመጡት። በመሐረብ የተቋጠረ ወርቅ ፈቱና ሚዛኑ ላይ ዘረገፉት፤ የተበጠሰ ሐብል፣ ሁለት ቀለበት፣ አንድ ጥንድ ጉትቻ።

«አዙሪልኝ የኔ ልጅ።»

«ስክሪኑ ላይ ይኸው እማማ፣ አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት።»

«ስክሪንሽን ለባልሽ አሳዪው። እሱን አዙሪልኝ።»

«ባል የለኝም እማማ።»

«ታዲያ እንዲህ እየተከራከርሽ ማን ያግባሽ!»

ፍዮሪ እየሳቀች ሚዛኑን አዞረችው። ገመዱ ተሳበና ከመሰኪያው ግማሽ ያህል ወጣ፤ አልወደቀም፣ ግን ውስጥ ያለውን ብረት አልነካም። ወይዘሮ አልጋነሽ ጎንበስ ብለው ወርቁን ትንሽ አዩት፣ ከጉትቻዎቹ አንዷን አነሱና መዳፋቸው ውስጥ ያዟት። «ይቺ ትቅር። ጓደኛዋ ብትሄድም ይቺ ትቅር» አሉ። እኔ ከጎን ስለሆንኩ ሁለቱም ይታዩኛል። የሚዛኑ መስኮት አሥራ አራት ነጥብ አንድ ይላል። ስክሪኑ ግን አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት እንዳለ ቆሟል። ፍዮሪ ዓይኗ መታወቂያው ላይ ነው፤ ስሙን መዝግባ ቀና አለች፣ ስክሪኑን አየች፣ ቁልፉን ተጫነች። ወረቀቱ ወጣ። ሚዛኑን ወደ ቦታው ስትመልሰው ገመዱ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጋር ተጋፋና ተመልሶ ገባ። ቁጥሩም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራውን ቀጠለ።

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የተማሩ ይሥሩበት ተብያለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት አቶ ወርቅአፈራሁ የሳምንቱን ወርቅ ፈተሹ። እያንዳንዱ ግዢ ከነወረቀቱ በትንሽ ላስቲክ ታስሮ ነው የሚቀመጠው፤ እሳቸው ደግሞ በራሳቸው የኪስ ሚዛን ይደግሙታል። ወረቀቱ አሥራ ስምንት ነጥብ ስድስት ይላል፣ ላስቲኩ ውስጥ ያለው አሥራ አራት ነጥብ አንድ። በወር ውስጥ ሦስተኛ መሆኑ ነው። አንዱ ጊዜ የቀለበት ያህል ጎድሎ ነበር፣ ሌላው ጊዜ የትንሽ መስቀል። አሁን ደግሞ ከጥንድ ጉትቻ አንዷ። ሰው ወርቅ ሲሰርቅ እንዲህ አይደል የሚሰርቀው?

«ፍዮሪ፣ ሁለተኛዋ ጉትቻ የት አለች?» ሲሏት ደረጃዬ ሥር ድረስ ተሰማኝ።

ፍዮሪ ስድስት ዓመት እዚያ ቤት ሠርታለች። ዋሷ አጎቷ አቶ አርአያ ናቸው፤ አሳድገው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በወርቅ ቤት ሥራ ስም ማለት ሁሉም ነገር ነው። አንዴ «እጇ አመል አለባት» ከተባለ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የሚቀጥራት የለም፤ ባለ ወርቅ ቤቶቹ ሁሉ ይተዋወቃሉ። አቶ ወርቅአፈራሁ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ቀጠሮ ሰጧት፤ ወይ ወርቁን ታመጣለች፣ ወይ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ይሄዳል።

ሐሙስ ዘርዓብሩክ ተጠራ። ኮምፒውተሩ በየቀኑ የሚሆነውን ሁሉ የሚይዝበት መዝገብ አለው፤ እሱን ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አገላበጠ። «አንድም ስህተት የለም አጎቴ» አለ። «ገመድ ቢነቀል፣ ሚዛን ቢበላሽ እዚህ ይጻፍ ነበር። ንጹሕ ነው።»

ንጹሕ ነው ሲል ፍዮሪ ተቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ቆማ ነበር።

እኔ ደረጃዬ ሥር ነኝ። ምን እንደተሰማኝ ልዋሽ አልችልም፤ ደስ ብሎኛል። ለእሷ መከሰስ አይደለም። ያ መዝገብ፣ ያ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም፣ ያ ሲስተም ሲዋሽ፣ እኔ አንድ ቃል ብናገር እንደሚፈርስ አውቄ ዝም ማለቴ ነው ደስ ያለኝ። ሌሎች ሲናገሩ ዝም በል የምባል እኔ ነበርኩ፤ አሁን ዝምታው የራሴ ሆነ። ይጥማል ብያችሁ ታምኑኛላችሁ? ጥሞኝ ነበር።

አርብ ፍዮሪ እኔ ጋ መጣች። ዓይኗ አብጧል። በርጩማዬን ለቀቅኩላት፣ አልተቀመጠችም።

«ጋሽ እምሩ፣ ማክሰኞ እዚያው ነበሩ። እማማ አልጋነሽ ሲመጡ።»

«ነበርኩ።»

«ምን አዩ?»

«ምን አያለሁ? ማጠፊያ ነው የማየው።»

«እኔ እኮ ልብ ብዬ አላየሁም። ሴትየዋ አንድ ነገር አንስተው ይሆናል፣ አላስታውስም፤ ሄጄ እንዳልጠይቃቸው መታወቂያቸው ላይ ያለው ሰፈር ፈርሷል። ብዙ ሰው ነው የሚያነሳው፤ ግን ሲያነሱ ቁጥሩ ይወርዳላ! ስክሪኑ ላይ ያለውን ነው የጫንኩት። እያበድኩ ነው ወይ ጋሽ እምሩ? ሳላውቅ ነው የምሰርቀው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት። «ኮምፒውተር አልተማርኩም።»

ስትሄድ ድሮ የአንድ ጣሊያናዊ ሰዓት ሠሪ ሱቅ በነበረበት ባዶ ቦታ በኩል ነው የዞረችው፤ በዋናው መንገድ ማለፍ አልፈለገችም፣ ሰው እንዳያያት። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። አንድ ቁልፍ ፈትቼ ስገጥም፣ ፈትቼ ስገጥም ዋልኩ።

ቅዳሜ ከእኩለ ቀን በፊት አቶ አርአያ መጡ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። በሩ ላይ ቆመው «እንደምን ዋሉ» አሉ። አቶ ወርቅአፈራሁ ቀና ብለው አዩዋቸውና ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ውስጥ ለደንበኛ የተቀመጡ ሦስት ወንበሮች አሉ፣ ሦስቱም ባዶ ናቸው። ማንም «ይቀመጡ» አላለም። ሰውየው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ በዚያ ቀስ ባለ አማርኛቸው፣ «እኔ ዋስ ነኝ፣ የጎደለውን እኔ እተካለሁ። ልጅቷን ግን ፖሊስ ጋ አይውሰዷት» ማለት ጀመሩ።

«እርስዎ ከተኩ እኮ ሰርቃለች ማለት ነው» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

«አልሰረቀችም።»

«ታዲያ ምን ይተካሉ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞሩታል። እኔ ከውጭ ሆኜ ነው የማየው። እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ። በዚያ በር ላይ፣ በዚያው ሰውዬ ፊት፣ ወንበር እያለ ቆሜ አውቃለሁ። ለፍዮሪ ብዬ ተነሳሁ ብል እዋሻለሁ፤ ያንን የሽማግሌ አቋቋም ማየት ስላቃተኝ ነው የተነሳሁት።

ገባሁና ባንኮኒው ፊት ቆምኩ። «ወርቅ አውጡልኝ» አልኩ። «ደንበኛ ነኝ።»

«እምሩ፣ ቀልድህን ሌላ ቀን» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

«አራት ቀለበት። እዚሁ ይቀመጥ፣ አይጠፋም፣ ሁላችሁም ታያላችሁ።»

ዘርዓብሩክም ነበር፤ ለእማኝነት ተጠርቶ ነው መሰለኝ። ነገሩ ገርሞት ይሁን አላውቅም፣ ተነስቶ አራት ቀለበት ከመስታወቱ አወጣና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ስክሪኑ ሃያ ሁለት ነጥብ ሦስት አለ።

«ፍዮሪ፣ አዙሪልኝ» አልኳት።

ሚዛኑን ወደ እኔ አዞረችው። አንዷን ቀለበት አነሳሁ።

«አሁን ስክሪኑን አንብቡልኝ።»

ሃያ ሁለት ነጥብ ሦስት እንዳለ ነው። ዘርዓብሩክ ዞሮ መጥቶ የሚዛኑን መስኮት አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ደግሞ መስኮቱን አየ። ሌላ ቀለበት አነሳሁ። ሦስተኛዋንም አነሳሁ። በመጨረሻ ሚዛኑ ባዶ ሆነ፤ ስክሪኑ ሃያ ሁለት ነጥብ ሦስት። ከዚያ ሚዛኑን ራሴ ወደ ቦታው መለስኩት። ገመዱ ተጋፍቶ ገባ፣ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ወረደ።

«መዝገብህን ክፈት» አልኩት ዘርዓብሩክን። ከፈተው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አቶ ወርቅአፈራሁ ተነስተው ቆመዋል። ዘርዓብሩክ እሳቸውን ሳያይ መናገር ጀመረ። «መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አንዳንዴ ለአፍታ ባዶ ይሆናል። አጎቴ፣ እርስዎ ‹ደንበኛ ፊት አሳፈረኝ፣ ቁጥሩ አይጥፋ› ብለውኛል። ስለዚህ ከሚዛኑ አዲስ ነገር ካልመጣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቆይ አደረግሁት፤ ለካ ስህተት ብሎም አይጽፈውም።»

«እኔ ይዋሽ አልኩህ?» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

«አይጥፋ ነው ያሉኝ።»

አቶ አርአያ ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አደረጉ። «እንሂድ ልጄ» አሉ። አቶ ወርቅአፈራሁ «ግዴለም፣ ሂጂ በቃ፣ ሰኞ ነይ» አሏት፤ ያረፈደች ሠራተኛ እንደሚሸኙ ሆነው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው ስትወጣ አልሰማሁም። ፍዮሪ ስታልፍ እኔን አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ማንም አይቶኝ አያውቅም፤ አባቷ እንደሆንኩ ነው ያየችኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ዘርዓብሩክ እዚያው ተቀምጦ ማረም ጀመረ። ወንበር ስቦ «ጋሽ እምሩ፣ እዚህ ይሁኑልኝ» አለኝ። ፋዘር ቀረ ማለት ነው። እኔ ገመድ እነቅላለሁ፣ እሱ ያያል። መጀመሪያ ያደረገው ቀላል ነበር፤ ገመዱ ሲነቀል ሁሉንም ነገር ወዲያው ዘግቶ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለሚዛኑ የተያዘውን ቦታ ማጥፋት። ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ቁጥሩ አይንቀሳቀስ፣ የማውሱ ቀስት አይንቀሳቀስ። አጥፍቶ አበራ፣ ደግሜ ነቀልኩ፣ ደግሞ ድርቅ። አምስቴ እንዲህ ሆነ።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ፕሮግራም እየጠየቀ ነው» አለ ጭንቅላቱን ይዞ። «ቁጥር ስጠኝ፣ ቁጥር ስጠኝ ይላል። እኔ ደግሞ የሚጠይቅበትን ቦታ አጥፍቼበታለሁ። የሌለ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀው።»

«ለቀስተኛ ሳይወጣ ድንኳን አፍርሰህ ነዋ» አልኩት።

ቀና አለ። አቶ ወርቅአፈራሁም ከጥግ ሆነው ሻይ እየጠጡ ነው።

«ሰው ሲሞት ምን ይደረጋል?» አልኩት። «መጀመሪያ ለፋፊ ይወጣል፤ እገሌ አርፏል ይባላል። ቀጥሮት የሚጠብቀው ሰው ካለ፣ አትጠብቅ፣ አይመጣም ይባላል። አንተ ይህንን ነው ያላደረግከው። ሞቷል፣ አንተ ግን ትናንት የተናገረውን እየደገምክ አለ አለ ትላለህ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሟች ስም አዲስ ጉዳይ የሚያመጣ ካለ በሩ ላይ ይመለሳል። ድንኳኑ ግን ይቆያል። ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ፣ ገና በመንገድ ላይ ያለ ሰው አለ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ነው ካስማው የሚነቀለው። ቀድመህ ከነቀልክ ሰው ላይ ነው የሚወድቀው።»

ዘርዓብሩክ ስልኩን አላየም።

«እዚህ ሰፈር ይህን የማያውቅ የዕድር ሰብሳቢ ነበር» አልኩ። ልተወው እችል ነበር፣ አልተውኩትም። «አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የአንድ ጠጋኝ እናት ሞተች። በሁለተኛው ቀን፣ የትልቅ ሰው ለቅሶ መጥቷል፣ ድንኳኑ ይፈለጋል ተባለና ተነቀለ። የሟች እህቶች ከሰላሌ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ የሚቀመጡበት አልነበረም።»

አቶ ወርቅአፈራሁ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ድንኳን አንድ ብቻ ነበር እምሩ» አሉ።

«አውቃለሁ። አንድ ነበር።»

ዓመታት ሙሉ ይህን ስናገር ምን እንደሚሆን ስገምት ኖሬያለሁ። ምንም አልሆነም። ሰውየው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር አሰሩ። ሸምግለዋል።

ዘርዓብሩክ ቅዳሜንም እሑድንም ሠርቶ ሰኞ ጠዋት ይዞት መጣ። ገመዱን ነቀልኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ጠፋና በቀይ «ሚዛኑ አልተያያዘም» የሚል ወጣ። ቁልፉን ብትጫኑት ወረቀት አያወጣም። ኮምፒውተሩ አልደረቀም፤ የሚጠይቀው ፕሮግራም «የለም» የሚል መልስ አግኝቶ በሰላም ቆመ። መልሼ ሰካሁት፣ ሚዛኑ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ቁጥሩ መጣ። አርባ ጊዜ ነቀልኩት። ወርቅ እያለበት ነቀልኩ፣ ቁልፉ እየተጫነ ነቀልኩ፣ ከሰካሁት ሳይቆይ ነቀልኩ። መዝገቡ ላይ አርባውም ከነሰዓታቸው ተጽፈዋል።

«አርባውንም ያዘ ጋሽ እምሩ!» አለ ዘርዓብሩክ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይህን ልመስክርለት።

ፍዮሪ የመጣችው ያኔ ነው። የሥራ ልብሷን አልለበሰችም። አቶ ወርቅአፈራሁ ሲያዩዋት ተነሱ። «ፍዮሪዬ! ነይ ግቢ፣ ተስተካክሏል። በቃ አለፈ እንግዲህ፣ ሰው ይሳሳታል።»

የመስታወቱን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁልፉ ነው ጋሼ።»

«አኩርፈሽ ነው? ደሞዝ እጨምርልሻለሁ።»

«አጎቴን በር ላይ አቆሟቸው» አለች።

«ኧረ እኔ አላቆምኳቸውም! ራሳቸው ናቸው የቆሙት።»

ዞራ ወጣች። እኔም ወደ ደረጃዬ ተመልሼ ነበርና በዚያ በኩል ስታልፍ ቆመች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ እምሩ። አጎቴም አመስግኛቸው ብለውኛል።»

«አብሮ ይስጠን።»

ትሄዳለች ስል አልሄደችም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ካቻቢቴ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቅዳሜ ነው የገባዎት ወይስ ማክሰኞ አይተውታል?»

ቅዳሜ ነው ብል ያልቅ ነበር። ሌሊቱን ሳስብበት አድሬ ድንገት መጣልኝ ብል ታምነኝ ነበር፤ አጎቷም ዕድሜ ልካቸውን ይመርቁኝ ነበር። ግን ደክሞኛል። አርባ ጊዜ የነቀልኩት ገመድ ነው መሰለኝ ያደከመኝ።

«ማክሰኞ» አልኩ።

«አርብ ስመጣ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ከላይ ሰው በደረጃው ወረደ፣ አቧራው በመካከላችን ረገፈ። ሰውየው እስኪያልፍ ቆየች።

«እኔ ምን አድርጌዎት ነው?»

አምና ሚዛኑ የተገጠመ ቀን ፈገግ ብለሻል ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ አነሰብኝ፤ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ከአፌ ሊወጣ ሲል እንዲህ ያንሳል ብዬ አላሰብኩም። ምናልባትም በእኔ አልነበረም የሳቀችው። ምናልባት ደንበኛው ያላት ነገር ይሆናል።

«ነገሩ ካንቺ ጋር አልነበረም» አልኳት።

«የተከሰስኩት ግን እኔ ነኝ ጋሽ እምሩ» አለች። «ሦስት ሌሊት አጎቴ ሲጸልዩ የሰማሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደች። ሰኞ ስለሆነ መንገዱ ሞልቷል፣ ብዙም ሳትርቅ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለችብኝ። ሌላ ወርቅ ቤት ትቀጠር እንደሆነ አላውቅም፤ ስሟ ነጽቷል፣ ይቀጥሯታል። እኔ ግን ልጠይቅ የምችለው ሰው የለም።

«እምሩ!» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ ከውስጥ። «ና እስቲ፣ ይሄን መሰኪያ በደንብ እሰርልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሚዛኑን አንተ ነህ የምታየው።»

አምና እዚያ ባንኮኒ ፊት ከቆምኩ ጀምሮ የጠበቅሁት ቃል ነው። ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና ገባሁ።